የኩፍኝ ክትባት አንዴ ብቻ ይበቃል?

#ጤና

ብዙ ወላጆች "ልጄ የ9 ወሩን ተከትቧል፣ ጨርሷል" ይላሉ። የኩፍኝ ክትባት ግን የሚያልቀው በ15 ወር ነው። ሁለተኛው ዙር በኢትዮጵያ መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ2011 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 2019) ነው። ስለዚህ ታላላቆቹን ከዚያ በፊት ያስከተበች እናት ባታውቀው አይገርምም።

🔹 ኩፍኝ እንዴት ይተላለፋል?

ቫይረሱ በሳልና በማስነጠስ ይወጣል። ታማሚው ክፍሉን ለቆ ከሄደ በኋላም አየር ላይ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከታማሚ ጋር ቅርብ ንክኪ ካላቸውና ካልተከተቡ 10 ሰዎች እስከ 9ኙ ሊያዙ ይችላሉ። መተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀደም ብሎ ስለሆነ "ጉንፋን ነው" የተባለው ልጅ ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሶ ሊሆን ይችላል።

🔹 ለምን ሁለቴ?

በ9 ወራቸው ከተከተቡ 100 ልጆች 85 ያህሉ የመከላከል አቅም ያገኛሉ። የቀሩት 15ቱ ካርዳቸው ላይ ተከተቡ ቢባልም ለበሽታው ክፍት ናቸው። ሁለተኛው ክትባት በዋናነት የሚሰጠው ለእነዚህ ሲባል ነው። ማን ከ15ቱ እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም ይከተባል።

ሒሳቡን እንየው። በ2011 ዓ.ም የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ያገኙት 59 በመቶው ነበሩ። ከ59ኙ 85 በመቶው ሲሰላ 50 ገደማ ይመጣል። ማለትም ከ100 ልጆች ግማሾቹ ጥበቃ የላቸውም። ወረርሽኝ እንዳይነሳ ደግሞ 95 በመቶው ሁለቱንም ዙር መከተብ አለበት።

🔹 ቅኝቱስ?

ትኩሳትና ሽፍታ ያለው፣ በተጨማሪም ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ ወይም የዓይን መቅላት የታየበት ልጅ "በኩፍኝ የተጠረጠረ" ተብሎ ይመዘገባል። ሪፖርቱ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በወረዳ፣ በዞንና በክልል አልፎ የኢትዮጵያ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጋ ይደርሳል። የደም ናሙናም ለምርመራ ይላካል። በአንድ አካባቢ በአንድ ወር ውስጥ 5 ተጠርጣሪዎች ከተገኙ ወረርሽኝ ይጠረጠራል፤ 3ቱ በላቦራቶሪ ከተረጋገጡ ወረርሽኝ ነው። ምንም ታማሚ ያልታየበት ተቋም እንኳን "ዜሮ" ብሎ ሪፖርት ማድረግ ይጠበቅበታል።

🔹 ክፍተቱ የት ነው?

ቤት ውስጥ ነው። "ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ንፋስ አይንካው፣ መርፌ አይወጋ" ተብሎ ጨለማ ክፍል የሚተኛ ልጅ አለ። ያ ልጅ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። እሱ ካልተቆጠረ ደግሞ መንደሩ "ሰላም ነው" ይባልና የክትባት ዘመቻው ይዘገያል። ለልጁም አደጋ ነው፤ ኩፍኝ የሳንባ ምች፣ ከባድ ተቅማጥና ዓይነ ስውርነት ሊያስከትል ይችላል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ባይኖርም ጤና ተቋም የደረሰ ልጅ ቫይታሚን ኤ በተከታታይ 2 ቀን ይሰጠዋል፣ ለተጓዳኝ ሕመሞቹም ይታከማል።

✅ ወላጆች ምን እናድርግ?

👉 የልጃችንን የክትባት ካርድ ዛሬውኑ አውጥተን የ9 እና የ15 ወሩን እንይ።

👉 15 ወር ካለፈው "አልፎበታል" ብለን አንተው። ቀኑ ቢያልፍም ይከተባል፣ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልገውም። በመንግሥት ጤና ተቋማት ክትባቱ በነፃ ነው።

👉 ካርዱ ቢጠፋም ሄደን እንጠይቅ።

👉 ትኩሳትና ሽፍታ ካየን ልጁን ከሌሎች ልጆች ለይተን ቶሎ ወደ ጤና ተቋም እንውሰድ፣ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እንንገር። በኢንስቲትዩቱ ነፃ መስመር 8335 መደወልም ይቻላል።

ይህን መልዕክት 15 ወር ለሞላው ልጅ ወላጅ ያጋሩ።