ከባዷ የመጀመሪያ ጥይት

ትናንት ሲ.ኤም.ሲ. ቡና እየጠጣን፣ ውጭ አገር የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የተኩስ ውድድር ጀምሬያለሁ። ደብል አክሽን ሽጉጥ ልግዛ?» አለኝ። የታሪክ አስተማሪ ስለ ሽጉጥ ምን ያውቃል? የማውቀውን ነገርኩት፤ ለእናንተም ይኸው።

ደብል አክሽን ማለት አንድ የቃታ ስበት መዶሻውን አንስቶ ሲለቀው ነው። የመጀመሪያዋ ጥይት ቃታ ረጅምና ከባድ፣ ሁለተኛዋ ቀላል። የጀርመኑ ዋልተር ፒፒ በ1929፣ የሶቪየቱ ማካሮቭ በ1951 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) በዚሁ ስልት መጡ። ማካሮቭ በደርግ ዘመን የእኛም አገር መኮንኖች ወገብ ላይ ዋለ። አባቴም ነበረው።

አስር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ካዝናውን አውጥቶ «ባዶ ነው፣ ያዘው» አለኝ። ቃታውን ሳብኩ፤ ለትንሿ ጣቴ ከበዳት፣ እምቢ አለኝ። ምን ትዝ እንዳለው እንጃ፣ ነጥቆኝ ሲያቀባብለው በርሜል ውስጥ የቀረች አንዲት ጥይት ወለሉ ላይ ዱብ አለች። አባቴ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሽጉጡን አላየሁትም።

ለተማሪዬ ያልኩት ይህን ነው፦ ጣትህ ቃታው ላይ በምቾት የሚደርስልህን ምረጥ፤ ከባዷን መጀመሪያ በባዶው ደጋግመህ ተለማመድ፤ «ባዶ ነው» ያለህን ግን አባትህም ቢሆን አትመን። ካዝናውን አውጣ፣ በርሜሉን ራስህ እይ።