ባርድ (የሚና ጨዋታ)

ባርድ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች ውስጥ ሙዚቃንና ድግምትን አጣምሮ የሚጠቀም የገጸ ባሕርይ ዓይነት ነው። ስያሜው በኬልት ሕዝቦች ዘንድ ለመሳፍንት ግጥም እየገጠመ ያዜም ከነበረው ባለሙያ የተወሰደ ሲሆን፣ ለአማርኛ አንባቢ በቅርብ የሚመስለው አዝማሪ ነው። ባርድ በአንድ ተራ ማዜምም መድገምም ይችል እንደሆነ የሚወስነው የየጨዋታው ሕግ ነው።

ታሪክ

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። ባርድ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1976 «ስትራቴጂክ ሪቪው» በተባለው መጽሔት ነው። በ1978ቱ የተጫዋቾች መመሪያ መሠረት ባርድ ለመሆን አስቀድሞ ተዋጊ፣ ቀጥሎም ሌባ ሆኖ ማለፍ ግድ ነበር። በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም ግን ባርድን ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ የሚመረጥ አደረገው።

ዜማና ድግምት በየሕጉ

እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው 3.5 እትም ባርድ እያዜመ ድግምት መድገም አይችልም። ሆኖም ባልደረቦቹን የሚያደፋፍረው ዜማ ካቆመም በኋላ ኃይሉ ለ5 ዙር ይቆያል። ስለዚህ ተጫዋቹ በቅድሚያ ያዜማል፣ ከዚያም ዜማውን አቁሞ የዜማው ኃይል ሳያልቅ ይደግማል።

በ2014ቱ አምስተኛ እትም ሁለቱ ተለያይተዋል። አብዛኛው ድግምት የተራውን ዋና ድርጊት ሲወስድ፣ ማነቃቂያው የሚወስደው ተጨማሪውን አነስተኛ ድርጊት ነው። ማነቃቂያው ራሱ እንደ ድግምት አይቆጠርም፤ ሐሳብን አሰባስቦ መያዝንም አይጠይቅም። ለምሳሌ ባርዱ ጠላቶችን በብርሃን የሚከብብ ድግምት ይደግማል። ድግምቱን ያልተቋቋመውን ጠላት የሚመታ ሰው ባለ20 ገጽ ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ ትልቁን ቁጥር ይወስዳል። ባርዱ በዚያው ተራ እስከ 60 ጫማ ርቀት ላለና ለሚሰማው አንድ ባልደረባ ባለ6 ገጽ ዳይስ ይሰጣል። ባልደረባው ይህን ዳይስ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጥሎ በአንድ ውጤቱ ላይ ይደምረዋል። የዳይሱ አማካይ 3.5 ስለሆነና በባለ20 ገጹ ዳይስ ላይ አንድ ነጥብ 5 በመቶ ስለሚያክል፣ የመሳካት ዕድሉ አብዛኛውን ጊዜ በ17.5 በመቶ ነጥብ ገደማ ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የ«ፓዝፋይንደር» ሁለተኛ እትም ደግሞ ዜማው ራሱ ድግምት ነው። አንድ ተራ 3 ድርጊቶች አሉት። የማደፋፈሪያው ዜማ 1፣ አብዛኞቹ ሌሎች ድግምቶች 2 ድርጊት ይፈጃሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ተራ ልክ ይገባሉ። ነገር ግን ዜማው የሚቆየው ለአንድ ዙር ብቻ ስለሆነ በየተራው መታደስ አለበት። ሁለቱንም የሚያደርግ ባርድ ለመንቀሳቀስ ድርጊት አይተርፈውም። በአንድ ተራ ሁለት ዜማ ማዜምም አይፈቀድም።

የሙዚቃ መሣሪያ

በአምስተኛው እትም የሙዚቃ መሣሪያ ለድግምት የሚያስፈልጉና ዋጋ ያልተጻፈላቸውን ቁሳቁሶች ይተካል፤ በቃል የሚባለውን ግን አይተካም። ማነቃቂያውም በሙዚቃ ብቻ ሳይሆን በንግግርም ሊሰጥ ይችላል። ውጤቱን የሚወስነው ዳይስ ስለሆነ ተጫዋቹ ራሱ ማዜም አይጠበቅበትም።

ድክመት

የባርድ ኃይል አብዛኛው በድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው። በአምስተኛው እትም ድምፅን የሚያጠፋ ድግምት ባለበት ስፍራ በቃል የሚደገም ድግምት አይሠራም፤ ባርዱን የማይሰማ ባልደረባም የማነቃቂያ ዳይስ አይደርሰውም። ስለዚህ አንድ ዝምታ የባርዱን ሁለቱንም መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ሊያሳጣው ይችላል።