«ይመስላል» ብሎ የሚያስር ማሽን

ሰሞኑን ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ወደሚገኝ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ብዬ ነበር፡፡ ለአንድ ዘመዴ ያረቀቅኩትን የኪራይ ውል ለማሳተም ፍላሼን ሰጠኋት፡፡ ልጅቷ ፍላሹን ሰክታ ጥቂት ጠበቀችና «ጋሼ፣ ፋይልዎን አንቲቫይረሱ አገደው» አለችኝ፡፡ «ምን የሚባል ቫይረስ ተገኘበት?» ብላት፣ «ስም የለውም፤ ቫይረስ ይመስላል ነው የሚለው» አለች፡፡

ሕግ ለተማረ ሰው «ይመስላል» የሚል ቃል ሰምቶ ዝም ማለት ይከብዳል፡፡ ስለዚህም ነገሩን ሳገላብጥ ሰነበትኩ፡፡

የቀድሞው አንቲቫይረስ እንደ ፖሊስ የአሻራ መዝገብ ነበር የሚሠራው፡፡ ባለሙያዎች የተያዘን ጎጂ ፕሮግራም (ማልዌር) መርምረው መለያውን ይመዘግባሉ፡፡ ኮምፒዩተሩም እያንዳንዱን ፋይል ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል፡፡ ከመዝገቡ የሌለ በሰላም ያልፋል፡፡ የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 2 ያሰፈረውን የሕጋዊነት መርህ ያስታውሰኛል፤ ሕግ ወንጀል ያላለውን ድርጊት ዳኛ ወንጀል ሊለው አይችልም፡፡ ለሰው ልጅ ዋስትና የሆነው መርህ ለኮምፒዩተር ግን ክፍት በር ነው፡፡ አጥፊው ፕሮግራሙን ጥቂት ለውጥ አድርጎበት ሲመለስ አሻራው አዲስ ይሆናልና፡፡ የጀርመኑ የምርመራ ተቋም ኤቪ-ቴስት በየቀኑ ከ450,000 በላይ አዳዲስ ጎጂና ያልተፈለጉ ፕሮግራሞችን እንደሚመዘግብ ሲገልጽ ቆይቷል፡፡ ይህን ሁሉ በሰው እጅ መርምሮ መዝግቦ መዝለቅ አይቻልም፡፡

ዲፕ ለርኒንግ የመጣው በዚህ በር ነው፡፡ ለማሽኑ «ይህ ጎጂ፣ ይህ ንጹሕ» ተብለው የተለዩ እጅግ ብዙ ፋይሎች ይቀርቡለታል፡፡ በተሳሳተ ቁጥር የውስጥ ስሌቱን እያስተካከለ ማንም ደንብ ሳይነግረው መለየትን ይለምዳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ማልኮንቭ የተባለውን ዘዴ ሲያቀርቡ፣ ማሽኑ የአንድን ፕሮግራም እስከ ሁለት ሚሊዮን ባይት ድረስ በጥሬው እንዲያነብ አድርገውታል፡፡ በ2020 ደግሞ ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ፋይሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ምስል ቀይረው፣ ማሽኑ የምስሉን መልክ እያየ እንዲለይ ሞክረዋል፡፡ በሁሉም ዘንድ ውጤቱ በዜሮና በአንድ መካከል ያለ የጥርጣሬ ቁጥር ነው፡፡ ከየትኛው ቁጥር በላይ ይታገድ የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው፡፡

ጣጣው ከዚህ ይጀምራል፡፡ የማይክሮሶፍትና የኢንቴል ሙከራ 99.07 በመቶ ትክክለኛነት ሲያሳይ፣ ንጹሑን ጎጂ የማለት ስህተቱ 2.58 በመቶ ነበር፡፡ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፡፡ ነገር ግን 10,000 ንጹሕ ፋይሎች ባሉበት መሥሪያ ቤት 258ቱ ያለ ጥፋታቸው ይታሰራሉ ማለት ነው፡፡ በዚያው መሥሪያ ቤት እውነተኛዎቹ ጎጂዎች አሥር ብቻ ቢሆኑ፣ ከታሰሩት አብዛኞቹ ንጹሐን ይሆናሉ፡፡ የስህተቱን መጠን ለመቀነስ ቁጥሩ ከፍ ሲደረግ ደግሞ የሚያመልጠው ጎጂ ይበዛል፡፡

ማሽኑ ይታለላልም፡፡ በ2019 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ የወሰዱትን ጽሑፍ ከጎጂ ፕሮግራሞች ጋር ሲለጥፉ፣ ሳይላንስ የተባለው የታወቀ ምርት ብዙዎቹን «ንጹሕ» ብሎ አሳልፏቸዋል፡፡ ተኩላው የበግ ለምድ ለብሶ አለፈ፡፡

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ በሩቁ አናውቀውም፡፡ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በመጋቢት ወር 2013 (እ.ኤ.አ.) የግንቦት 7 መሪዎችን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ማግኘቱን ይፋ አደረገ፡፡ በ2014 ደግሞ የኢሳት ጋዜጠኞች በሃኪንግ ቲም ምርት ዒላማ መደረጋቸውን ገለጸ፡፡ በዚያው ዓመት ሜሪላንድ የሚኖር፣ በመዝገቡ «ኪዳኔ» የተባለ አሜሪካዊ ዜጋ በኮምፒዩተሩ ላይ ፊንስፓይ ተገኝቷል በማለት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፡፡ የዋሽንግተን ዲሲው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም ብሎ ክሱ እንዲዘጋ የተሰጠውን ውሳኔ አጸና፡፡ እንዲህ ያለ ፕሮግራም በሚሊዮን ሳይሆን በጥቂት ሰዎች ላይ ስለሚላክ፣ ከብዛት ለሚማር ማሽን አስቸጋሪ ነው፡፡ ናሙናውን ቁጭ ብለው የመረመሩትም ሰዎች ነበሩ፡፡

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨትን የሚያስቀጣው ድርጊቱ እያወቁና ሆን ተብሎ ሲፈጸም ነው፡፡ ማሽኑ ግን ሐሳብን አያውቅም፤ የሚያውቀው መልክን ነው፡፡ ስለዚህ እንደ ዳኛ ሳይሆን በጥርጣሬ አስቁሞ እንደሚፈትሽ ፖሊስ ልናየው ይገባል፡፡ ይህን መሣሪያ የሚገዛ ባንክም ሆነ መሥሪያ ቤት ሦስት ነገር ይጠይቅ፡፡ ንጹሑን በስህተት የሚያግደው ምን ያህል ነው? የተፈተነው እኛ በምንጠቀምባቸው ሰነዶችና ፕሮግራሞች ላይ ነውን? የተጠረጠረው ፋይል ለምርመራ ወዴት ይላካል? የመጨረሻው ጥያቄ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሕግ ጥያቄም ሆኗል፡፡

የእኔ ውል ምን ሆነ? አንድ ወዳጄ ኪራዩን በራሱ እንዲያሰላ ማክሮ ጽፎበት ኖሯል፤ አጥፊዎችም ማክሮ ይወዳሉ፡፡ ማሽኑ መጠርጠሩ አላጠፋም፡፡ ደግነቱ ፋይሉን አልሰረዘውም፤ ለይቶ ማቆያ አስገብቶታል፡፡ ልጅቷ የማን ሰነድ እንደሆነና ማክሮውን ማን እንደጻፈው ጠይቃኝ፣ ማክሮውን አስወጥታ አተመችልኝ፡፡