መዝገቡ የት ይቀመጥ? ደቡብ ጎንደርና የሩቅ ሰርቨር ታሪክ

ደቡብ ጎንደር በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ክፉ ክረምቶችን አሳልፏል። በ2013 ዓ.ም. ከነሐሴ 6 እስከ 15 የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ቆየች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኋላ ባወጣው ሪፖርት የከተማዋ ሆስፒታል መዘረፉንና መጎዳቱን፣ በእነዚያ ቀናት የተደፈሩ ሴቶችም በአቅራቢያቸው ሕክምና ማጣታቸውን መዝግቧል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በተፈጠረው ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። በመጀመሪያው ክረምት አደጋ ላይ የወደቀው ሕንፃውና በውስጡ ያለው ንብረት ነበር። በሁለተኛው ግን ዕቃው በቦታው እያለ መስመሩ ጠፋ።

እነዚህ ሁለት ክረምቶች ለአንድ ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልስ ይሰጣሉ። የነፍሰ ጡር ክትትል፣ የሕፃን ክትባት፣ የተማሪ ውጤት በኮምፒውተር ሲያዝ መዝገቡና መዝገቡን የሚሠራው ፕሮግራም የት ይቀመጡ? ሠራተኛው ፊት ባለው ማሽን ውስጥ ነው ወይስ እሱ በማያየው ሩቅ ሰርቨር ላይ? ባለፉት ሠላሳ ዓመታት መልሱ ተለዋውጧል፤ በተለዋወጠ ቁጥርም አደጋውን የሚሸከመው ሰው ተለውጧል።

ነገሩ የሚጀምረው ከድረ ገጽ አሠራር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰርቨር ሥራ ቀድሞ የተጻፈ ገጽ ማቀበል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ማዕከል ሰርቨሩ ጥያቄ ሲመጣለት ፕሮግራም አስነስቶ መልሱን እንዲያዘጋጅ የሚያስችል ስልት ተዘረጋ። ሥራው በአብዛኛው በፐርል ቋንቋ ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1995 ግሪንላንድ የተወለደው ራስሙስ ለርዶርፍ ለግል ገጹ የሠራቸውን መሣሪያዎች ይፋ አደረገ፤ ዛሬ ፒኤችፒ የምንለው ከዚያ አደገ። ከዚህ በኋላ ገጹ ተጽፎ የሚጠብቅ መሆኑ ቀረ። ጠያቂው ሲጠይቅ ሰርቨሩ የመረጃ ቋቱን ፈትሾ፣ ገጹን በዚያው ቅጽበት ጽፎ ይልካል። ጠያቂው ዘንድ የሚያስፈልገው ብሮውዘርና መስመር ብቻ ሆነ። ይህ ከተቻለ ደግሞ ሶፍትዌርን ገዝቶ ከመጫን ይልቅ በወር ሒሳብ መከራየት ይቻላል። ሴልስፎርስ የተባለው ኩባንያ በሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ነው። አማዞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ሰርቨሩን ራሱን ማከራየት ጀመረ።

ኢትዮጵያውያን በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይተው የገቡ አይደሉም። በራሳቸው ችግር በኩል ገና በማለዳው ገብተውበታል፤ ችግሩም ፊደላችን ነበር። የዘመኑ የኮምፒውተር ፊደል ሰንጠረዥ ከ256 በላይ ቦታ አልነበረውም። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ዲቃሎቹ፣ 20ዎቹ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሰንጠረዡ ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ በራሱ ዘዴ ከፋፍሎ ደለደለው፤ በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆነ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ፊደል በማያሻማ መንገድ የሚወክል ሴራ የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ። ዳንኤል በዚህ ላይ ላይቭ ግዕዝ የተባለ በፐርል የተጻፈ የሰርቨር ፕሮግራም ጨመረበት። ሰነዱ ሰርቨሩ ላይ አንድ ጊዜ ይቀመጣል፤ አንባቢው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያለውን የፊደል ዓይነት ይመርጣል፤ ሰርቨሩም ጽሑፉን ወደዚያው ቀይሮ ይልክለታል። ችግሩን በየቤቱ ከመፍታት አንድ ቦታ ላይ ፈቱት።

ይህ ዘዴ ዘላቂ መሆን አላስፈለገውም፤ ታላቅነቱም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቦታ ሰጠ። ያን ለማስገኘት ከደከሙት ሰዎች መካከል የሰርቨሩን ዘዴ የሠሩትም ነበሩበት። ኮምፒውተሮችና ስልኮች ዩኒኮድን እየተቀበሉ ሲሄዱ የመለወጡ ሥራ ከሰርቨሩ ላይ ወረደ፤ ፊደሉ በየአንባቢው እጅ ገባ። አንድን ሥራ ወደ ሩቅ ማሽን መውሰድ ጊዜያዊ መፍትሔ ሊሆን እንደሚችል፣ ደረጃው ሲወጣለትም ወደ ባለቤቱ መመለስ እንደሚቻል የሚያሳይ የራሳችን ማስረጃ ይህ ነው።

በአገር ቤት ግን መስመሩ ራሱ ገና አዲስ ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ኢሜይል የሚላላኩ ጥቂቶች አዲስ አበባ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል፣ በስልክ እየተደወለ መልእክት በሚቀባበል መረብ ይጠቀሙ ነበር። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት ወረዳ ኔት በተባለ ፕሮግራም ከ500 በላይ ወረዳዎችን በሳተላይት ከመሐል ጋር ለማገናኘት ተነሣ። አንድ ወረዳ ሌላውን የሚያገኘው በመሐሉ በኩል ነበር። ይህ ቅርጽ ከዚያ በኋላ በመጡት ብዙ ሥርዓቶች ቀጥሏል፤ መዝገቡ መሐል ላይ፣ ተጠቃሚው ዳር ላይ።

የቅርጹ ክብደት በግልጽ የሚታየው በጤና ዘርፍ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሠራተኞቹ መዝገባቸውን በወረቀት ይዘው ቀበሌ ገቡ። የቤተሰብ ማኅደር ሲመጣም የእያንዳንዱ ቤት ታሪክ ጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ወርኃዊው ሪፖርት ከወሩ 21 እስከ ተከታዩ ወር 20 እየተቆጠረ ከኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞንና ወደ ክልል ይወጣል። ከፋርጣ ወይም ከእብናት ገጠር ቀበሌ የተነሣ ቁጥር የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ታቦር እስኪደርስ በብዙ እጅ ይደመራል፤ በእያንዳንዱ ድምር ላይም ስሕተት ሊገባ ይችላል።

በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘረጋው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ የጤና መረጃ ሥርዓት ይህን ለመለወጥ የመጣ ነው። ሥርዓቱ ከአፓርታይድ ማብቂያ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያደገ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ በየኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ነበር፤ ማሻሻያ በወጣ ቁጥርም በየማሽኑ መዞር ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛው ቅጂ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ በብሮውዘር የሚከፈት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 በሕንድ ኬረላ ሥራ ጀመረ። ሶፍትዌሩ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር የሚቀበል ነው። ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር ከማንም ሳይከራይ የራሱን ሰርቨር ማቆም ቻለ። ኢንተርኔት በማይደርስበት ጤና ጣቢያም ፕሮግራሙ በተቋሙ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ ሪፖርቱ በፋይል ወጥቶ በፍላሽ ወደ ወረዳ ሊሄድ ይችላል። ለጤና ኬላዎች የተዘጋጀው የታብሌት ሥርዓት ደግሞ የተገነባው ዲማጊ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በሠራው ኮምኬር ላይ ነው። ኮምኬርን በኪራይ ከሩቅ መጠቀምም ሆነ ኮዱን ወስዶ በራስ ሰርቨር ላይ ማቆም ይቻላል። ሠራተኛዋ ቅጹን ያለ ኔትወርክ ትሞላለች፤ ታብሌቱ መስመር ሲያገኝ ወደ መሐል ይልካል።

የኮምፒውተር ባለሙያዎችን የሚያፈራ ተቋም በዞኑ ውስጥም አለ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር የአካባቢው ወጣት የኮምፒውተር ትምህርት በቅርብ አገኘ። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ጋፋት ይባላል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ባሠሩበት ቦታ ስም። የጋፋት ዕውቀት በጥቂት ሰዎች እጅ ነበረ፤ በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ እነሱም ተበተኑ። ዛሬም ሥራ ከሠሪው ጋር ሊቀር ይችላል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ በፒኤችፒ ተጽፎ፣ ዛምፕ በተባለ የሙከራ ሰርቨር በተማሪው ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ፈታኞች ፊት ቀርቦም ውጤት ያገኛል። ሰው የሚጠቀምበት ይሆን ዘንድ ግን ሁልጊዜ የሚበራ ሰርቨር ያስፈልገዋል፤ የሰርቨሩ ኪራይ ደግሞ በአብዛኛው የሚከፈለው በዶላር ነው።

እዚህ ላይ የኪራዩ ታሪክ ከብር ታሪክ ጋር ይገናኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 20 ዶላር የሚከፈልበት ሰርቨር ከ1,150 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ2,000 ብር በላይ ሆነ፤ ያውም ዶላሩን የሚከፍል ካርድ ለተገኘለት። ዋጋው በውጭ አገር አልተነካም፤ የተለወጠው የተከራዩ አቅም ነው። በኪራይ ላይ የቆመ አገልግሎት ከኔትወርክ መስመር በተጨማሪ በምንዛሬም በኩል ሊቋረጥ ይችላል።

አሁን ሁለቱን ክረምቶች ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ተቋም ሲዘረፍ በተቋሙ ኮምፒውተር ብቻ የተያዘ መዝገብ ከኮምፒውተሩ ጋር ይሄዳል። ወደ መሐል የተላከው ግን ይተርፋል፤ 2013 ለሩቁ ሰርቨር ይመሰክራል። መስመር ሲቋረጥ ደግሞ ሁሉን ነገር በሩቅ ሰርቨር ላይ የጣለ ቢሮ ባለጉዳዩን «ሲስተም የለም» ብሎ ይመልሳል፤ 2015 ለቅርቡ መዝገብ ይመሰክራል። ሁለቱንም ፈተና ሊሸከም የሚችለው በሁለቱም ቦታ የሚኖረው ንድፍ ብቻ ነው፤ እዚያው ቀበሌ ውስጥ ያለ መስመር የሚሠራ፣ መስመር ሲመጣ ግልባጩን የሚያሳልፍ።

የጎንደር ምድር ይህን በብራና ዘመንም በመከራ ተምሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላው መድኃኔ ዓለም ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሰበሰቡ፤ ብዙ መዝገብ አንድ አምባ ላይ ተከማቸ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው ሲሰበር የእንግሊዝ ጦር ያገኘውን ዘረፈ፤ 350 ያህሉ ብራና ለብሪቲሽ ሙዚየም ደርሶ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ቤተ መጻሕፍቱ ከእነዚህ የተወሰኑትን በፎቶ አንሥቶ በድረ ገጹ ላይ አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 መጨረሻ ከባድ የሳይበር ጥቃት ሲደርስበት ግን የዲጂታል ብራናዎቹ ገጽ ለብዙ ወራት ተዘጋ። የእነዚያን ብራናዎች ምስል ከደብረ ታቦር ሆኖ ማንበብ የሚፈልግ ተመራማሪ ለንደን ላይ በደረሰ ጥቃት ደጅ ቀረ። ሀብታምና ታዋቂ ተቋም መሆን ብቻውን ለአንድ ሰርቨር ዋስትና አይሆንም።

የሠላሳ ዓመቱ ማስረጃ ወደ አንድ ፍርድ ይመራኛል። ሩቅ ሰርቨር ለአገራችን ሕዝብ ጠቅሟል፤ ያለ እሱ ፊደላችን በዚያ ዘመን መረብ ላይ ለብዙ አንባቢ ባልተነበበ፣ የክትባት ቁጥርም በየደረጃው እየተደመረ በዘገየ ነበር። ጥፋቱ ሌላው ቅጂ ሳይኖር በእሱ ብቻ መመካት ነው። ስለዚህ የክልልም ሆነ የዞን ቢሮ አዲስ ሲስተም ሲረከብ በውሉ ላይ አራት ነገሮችን ይጠይቅ፤ ያለ ኢንተርኔት ስንት ቀን ይሠራል? ግልባጩ በዞኑ ውስጥ የት ይቀመጣል? ኪራዩ ቢቋረጥ መረጃችን በምን መልክ ይመለስልናል? ኮዱን ሊጠግን የሚችል ሰው በአካባቢው ማን ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሚሆኑት ወጣቶች ጋፋት ኢንስቲትዩት ውስጥ እየተማሩ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክታቸው የዞኑን የጤና ጣቢያና የወረዳ መዝገብ መጠበቅ ቢሆን፣ ሥራቸው ከምረቃ በኋላም ሰው ያገለግላል።