ከታች ወደ ላይ የሚነበብ ገድል

የቅዱሳን ተጋድሎ በብራና ተጽፎ እንደሚነበብ፥ በቤተ መቅደስም ግድግዳ ተሥሎ እንደሚታይ፥ በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የምዕራብ ክርስቲያኖች በመስኮት መስተዋት ላይ ይሥሉት ነበር። ይህ ሥራ በብዛት ተጠብቆ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ በፈረንሳይ አገር፥ ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሻርትር ከተማ፥ በእመቤታችን ስም የታነጸው ካቴድራል ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1194 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ የቀድሞውን ቤተ ክርስቲያን አቃጠለው። ሕዝቡም የእመቤታችን ልብስ ነው እየተባለ በዚያ ይከበር የነበረው ቅዱስ ንዋይ የጠፋ መስሎት አለቀሰ። ዳሩ ግን ከምድር በታች ባለው ክፍል በደኅና በተገኘ ጊዜ ኀዘኑ ወደ ሥራ ተለወጠ። አብዛኞቹ መስኮቶች ከዚያ በኋላ በ40 ዓመት ያህል ውስጥ ተሠሩ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አሸዋና የእንጨት አመድ በእቶን ቀልጦ መስተዋት ይሆናል፤ ኮባልት ሲጨመርበት ሰማያዊ፥ መዳብ ሲጨመርበት ቀይ ወይም አረንጓዴ ይወጣል። ባለሙያው በጋለ ብረት ይቈራርጠዋል፤ የፊትን መልክና የልብስን እጥፋት በጥቍር ቀለም ሥሎ እንደ ገና ወደ እቶን ያገባዋል፤ በመጨረሻም ቍርጥራጩን ሁሉ በእርሳስ ማሰሪያ ያጋጥመዋል። ሥዕሉም በአብዛኛው የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው።

በካቴድራሉ በስተ ሰሜን ካሉት መስኮቶች አንዱ የሰማዕቱን የቅዱስ ኤዎስጣቴዎስን ገድል ይናገራል። ይኸውም ስንክሳር መስከረም 27 ቀን ከሚስቱና ከሁለቱ ልጆቹ ጋር የሚያስበው የሮም የጦር አለቃ ነው እንጂ፥ በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ኢትዮጵያዊው አባታችን ኤዎስጣቴዎስ አይደሉም።

በመስኮቱ ግርጌ ፈረሰኞች ዋላ ያሳድዳሉ። ከፍ ሲል አዳኙ ራሱ ታድኖ ይታያል፤ በዋላው ቀንዶች መካከል መስቀል አይቶ ይንበረከካል፥ ከቤተ ሰቡም ጋር ይጠመቃል። ነገር ግን ከጥምቀቱ በኋላ ያገኘው ዕረፍት ሳይሆን መከራ ነበር። ሀብቱ ሁሉ ጠፋ፤ ወደ ግብፅም ሲሰደድ የመርከቡ አለቃ በጕዞው ዋጋ አሳብቦ ሚስቱን ነጠቀው። ከዚያም ከወንዝ ደረሰ። አንዱን ልጅ አሻግሮ ሁለተኛውን ሊያመጣ ሲመለስ፥ ገና በውኃው መካከል ሳለ አንዱን አንበሳ፥ ሁለተኛውን ተኵላ ወሰዱበት። ሠዓሊው ይህን ሰዓት አልዘለለውም፤ አባት በውኃው መካከል ቆሞ፥ አራዊቱ ልጆቹን ይዘው ሲሄዱ ሥሎታል።

ዓይኑን ከዚህ ላይ ያቆመ ሰው ገድሉ በባዶ እጅ ያለቀ ይመስለዋል። በወንዙ የቆመው አባት ልጆቹን እረኞችና ገበሬዎች ከአራዊት አፍ እንዳስጣሏቸው አያውቅም፤ ሚስቱም በሕይወት እንዳለች አልሰማም። የሰው እርሻ እየጠበቀ 15 ዓመት ኖረ። ፍጻሜውን የሚያውቅ መስኮቱን ከግርጌው እስከ ራሱ የሚያይ ብቻ ነው፤ እግዚአብሔርም የሰውን ዘመን እንዲሁ ያያል።

ከወንዙ በላይ የተበተኑት አራቱ ይገናኛሉ። ይሁን እንጂ የመስኮቱ ራስ መገናኘታቸው አይደለም። ለጣዖት አንሠዋም ስላሉ በጋለ የናስ በሬ ውስጥ በአንድነት በሰማዕትነት ዐረፉ። ቅዱሱ የተመለሰለትን ቤተ ሰብ ለራሱ አላስቀረውም፤ ሁለተኛ የማይለያዩበትን አገር ከእነርሱ ጋር ወረሰ እንጂ።

መስኮቶቹም መበተንን ቀምሰዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1918 እና በ1939 ዓ.ም. የጦርነት እሳት እንዳያጠፋቸው ከቦታቸው ወርደው፥ በሣጥን ታሽገው ቈዩ፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን ወደ ስፍራቸው ተመለሱ።

ስለዚህ ከልጆቹ ወይም ከወላጆቹ ተለይቶ፥ የሞተውንም እያሰበ ወደ ቅዱሳት መካናት የሚመጣ ምእመን፥ ዛሬ የቆመበት ወንዝ የገድሉ መጨረሻ እንዳልሆነ ይወቅ፤ ዓይኑንም ወደ ላይ ያንሣ።

የሰማዕቱ የቅዱስ ኤዎስጣቴዎስና የቤተ ሰቡ በረከት በሁላችን ላይ ይደርብን፤ አሜን።