ቀይ አፈርና ውርስ፤ የዝሆኔ ምርምር ታሪክ

በደጋ ዝናብ ሲበረታ ኩልፎ ቀልቶ ይወርዳል። ከጋሞ ተራሮች ያጠበውን አፈር ተሸክሞ በአርባ ምንጭ አጠገብ አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ብዙዎቻችን ከድልድዩ ላይ ቆመን አይተነዋል፤ ነገር ግን ያ ቀይ አፈር ከአያቶቻችን እግር ጋር ያለውን ታሪክ ያሰብን ጥቂቶች ሳንሆን አንቀርም።

ታሪኩ የዝሆኔ በሽታ ታሪክ ነው። በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረው የደጋ ገበሬ እግሩ ቀስ በቀስ ያብጥና ይሻክራል። ሽማግሌዎች «በዘር የሚወርድ ነው» ስለሚሉ ዝሆኔ ካለበት ቤት መጋባት ይፈራል፤ እግሯ ጤነኛ የሆነች እኅት እንኳ በወንድሟ እግር ምክንያት ሳትታጭ ትቀራለች። እንግዲህ የዘሩ ጥያቄ የሊቃውንት ጥያቄ ብቻ አልነበረም።

በቆላ አገር ዝሆኔን የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ቀጭን ትል ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን በ1970ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በኢትዮጵያ ደጋ ሲመረምር፣ በሕመምተኞቹ የብሽሽት ንፍፊት ውስጥ ያገኘው ትል ሳይሆን ደቃቅ የአፈር ቅንጣት ነበር። በሽታውንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው፤ ስሙ እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት የወጣ ነው። በ1972 ደግሞ ውርስም ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ ጻፈ። በአንድ አፈር ላይ ከሚሄዱ ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ይድናልና።

ለምን? የመልሱ መነሻ ያለው፣ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ በአይጦች ዘንድ ነው። በ1916 ሊትልና ታይዘር የተባሉ አሜሪካውያን የነቀርሳ ዕባጭ ከአንድ የአይጥ ዘር ወስደው በዚያው ዘር ላይ ሲተክሉት አደገ፤ በሌላ ዘር ላይ ሲተክሉት ከሰመ። ሁለቱን ዘሮች ሲያዳቅሉ በልጆቹ ላይ አደገ፤ ከልጅ ልጆቹ ግን በጥቂቶቹ ላይ ብቻ። ዕባጭን መግፋት በውርስ የሚወሰን መሆኑ በዚህ ታወቀ። በ1930ዎቹ ፒተር ጎረር በለንደን፣ ከእርሱም በኋላ ጆርጅ ስኔል በአሜሪካ ዋናውን የዘረ መል ሥፍራ ለዩ። ዣን ዶሴ በ1958 በፓሪስ የሰውን አቻ አገኘ፤ ስኔልና ዶሴም በ1980 ከባሩክ ቤናሰራፍ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ኤች ኤል ኤ የሚባሉት እነዚህ ዘረ መሎች የሚሠሩት ነገር ትሪ ይመስላል። ቁራጭ ፕሮቲን አስቀምጦ ቲ ሕዋስ ለተባሉት የደም ዘበኞች ያቀርባል። ትሪው እንደየውርሱ ስለሚለያይ፣ የአንዱን ሰው ዘበኛ የሚያስቆጣው ነገር የሌላውን ላያስነሣው ይችላል። በነቀርሳ ላይ መቆጣቱ ይጠቅማል፤ ያለ ቦታው ሲቆጣ ግን የገዛ አካሉን ይጎዳል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከጎረቤቶቻችን ከወላይታ ቤተ ሰቦች ተሰብስቦ በ2007 የወጣ ጥናት፣ በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት 63 በመቶ ያህሉን ከውርስ ጋር አያያዘው። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የ194 ሕመምተኞችንና የ203 ጤነኞችን ዘረ መል ሲያነጻጽሩ ልዩነቱን እዚያው ኤች ኤል ኤ ላይ አገኙት። በሽታው ቲ ሕዋሳት የሚያስነሡት ቁጣ ሳይሆን እንደማይቀርም አመለከቱ።

ሽማግሌዎቹ እንግዲህ ግማሹን አውቀው ነበር። ሌላው ግማሽ አፈሩ ነው። ያንኑ ውርስ የያዘች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ ጫማ ብታደርግና እግሯን ብትታጠብ ዝሆኔ አይዛትም። ወንድሟም ቢሆን በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ እግሩን በፋሻ አስሮ ጫማ ቢያደርግ እብጠቱ ይቀንስለታል።