ብቻውን ማኅበር ስለሚሆን ዘማሪ

ዛሬ በጅማና በአጋሮ ኮምፒዩተር ያለው ወጣት በጓዳው ተቀምጦ፥ የገዛ ድምፁን በድምፁ ላይ እየደረበ ብቻውን ማኅበር ይሆናል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ወደ ጀርመን ሀገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፥ የሳተውን ቃል ለይቶ ማረም አይቻልም ነበር። በ1943 ዓ.ም. ግን አሜሪካዊው ሌስ ፖል በኒው ዮርክ በመኖሪያ ቤቱ የሚስቱን የሜሪ ፎርድን ድምፅ በቴፕ እየደራረበ፥ አንዲቱን ሴት ብዙ ዘፋኞች አስመሰላት።

በጅማ ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የጓዳው ሥራ ይቆማል፤ ይህስ ቀላል ነው። የሚከፋው፥ መጀመሪያ የተቀረጸው ድምፅ ከዜማው ቢያፈነግጥ የሚደረብበት ሁሉ ያንኑ ተከትሎ መሳቱ ነው። በማኅሌት መሪጌታው ቢስት በአጠገቡ የቆመው ያቀናዋል። ስለዚህ ለመዝሙር እንኳ ቢሆን ሁለት ጎረቤት ጠርቶ አብሮ መዘመር ይሻላል እላለሁ፤ ቡናው እንደ ሆነ በጅማ አይታጣም።